ከጎረቤት ማሳ የዘገንኩት አፈር

ጠርጣራ ሰው ነኝ፤ ከአሁኑ እወቁት። ሰው ያለ ነገር ከሳቀልኝ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ። ነጋዴ «ላንቺ ስል ነው» ካለኝ ዓይኔ ሚዛኑ ላይ ነው። ጂዳ የሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ከሻንጣዬ በላይ ሞልቶ የመጣው ይሄ ጠባዬ ነው። እና እኔን የመሰለች ጠርጣራ፣ አገር ምድሩ ተነስቶ እሷኑ ሲጠረጥራት ምን እንደምትሆን ልንገራችሁ።

ስሜ ዘሀራ ነው። አገሬ ሀብሩ፣ ከግራና ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ነው። አባቴ እኔ በሰው አገር እያለሁ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ስመለስ የጠበቁኝ እናቴና ከወንዙ በላይ ያለችው ማሳችን ነበሩ። እናቴ መሬቱን የእኩል እየሰጠች ማሽላ ታዘራው ነበር። ማሽላ በማሽላ ላይ፣ ዓመት በዓመት። አፈሩን ዘግኜ ባየው ደክሞ አመድ መስሏል። ማሳውም ከማውቀው የጠበበ መሰለኝ፤ በልጅ ዓይን ነው ትልቅ የነበረው ብዬ ተውኩት።

ከማሳችን ጎን የጋሼ አሊ ማሳ ነው። ጋሼ አሊ ከአባቴ ጋር አብሮ ያደገ፣ ድምፁም በሬዎቹም ትላልቅ የሆኑ ሰው ነው። ጤፍና ማሾ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ እያፈራረቀ ያርሳል። በተለይ ማሾው የታወቀ ነው፤ የመርሳ ነጋዴዎች ገና በአበባው መጥተው «ለሌላ እንዳትሰጥብን» ይሉታል። እኔ ከዓረብ አገር ስመጣ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ሊለኝ ቤታችን ሲጎርፍ እሱ ብቻ አልመጣም። መንገድ ላይ ሰላም ብለው እንኳ ከአንገቱ በላይ ነው የሚመልሰው። «ምን አድርጌው ይሆን?» አልኩ። ጥርጣሬዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ሰለሞን ይባላል፤ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጣ ልጅ ነው። መሬቴን አሳየሁት።

«ማሽላው በልቶት በልቶት ጨርሶታል» አለኝ። «ማሾ ዝሪበት። ማሾ ራሱን የሚቀልብ ሰብል ነው።»

«በምኑ ነው ራሱን የሚቀልበው?»

«በአየር።»

ሳቅሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ዩሪያ ብለን ከረጢት ሙሉ የምንገዛው ነገር ዋናው ጉልበቱ ናይትሮጅን ነው። ይሄ ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሞልቶ ተርፏል፤ ግን ሰብል ከአየር ላይ ቀንጥሶ መብላት አይችልም። መሬት ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ማሾው ሥሩ ላይ ትንሽ ትንሽ እባጭ እያበጀ ያኖራቸዋል፣ ከራሱ ስኳር ያበላቸዋል፤ እነሱ በፈንታቸው ናይትሮጅኑን ከአየር ይዘው ተክሉ እንዲበላው አድርገው ይሰጡታል። የተረፈው ለመሬቱ ይቀራል። በኛ አነጋገር የእኩል እርሻ ማለት ነው፤ አንዱ ቤትና ቀለብ፣ አንዱ ጉልበት።

«ያንቺ መሬት ግን ማሾ አይቶ አያውቅም» አለ ሰለሞን። «እነሱ በሌሉበት ብትዘሪው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በዘር ላይ የሚለወስ ጥቁር ዱቄት አለ፤ ባክቴሪያዎቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። አሁን አልቋል። ወልድያ ጠይቀናል።»

ጠበቅሁ። ጥቁሩ ዱቄት አልመጣም። ክረምቱ እየገፋ፣ የሰው ማሾ አበባ እየያዘ፣ የኔ መሬት ታርሶ ባዶውን ተቀመጠ። በመጨረሻ ሰለሞን ወልድያ ስብሰባ ሊሄድ ሲል በቤቴ በኩል አለፈ።

«ዝናቡ አይጠብቅሽም። ማሾ ለዓመታት ከተዘራበት ማሳ፣ ከሥሩ አካባቢ እርጥብ አፈር ውሰጂ። ዘሩን በስኳር ውሃ አርጥበሽ ከአፈሩ ጋር እሺው፣ የቀረውን ትልሙ ውስጥ በትኚው። ፀሐይ ብቻ እንዳይነካው፤ ፀሐይ ይገድላቸዋል።»

ማሾ ለዓመታት የተዘራበት ማሳ ደግሞ የጋሼ አሊ ነው፣ አጠገቤ። ልጠይቀው አስቤ ነበር። ግን ሰላምታ በቅጡ የማይመልስ ሰው ደጅ ቆሜ «አፈር ስጡኝ» ልበል? አፈር ደግሞ ማን ይከለክላል! ማልጄ፣ ሱብሂ ሰግጄ፣ አካፋዬንና እርጥብ ከረጢት ይዤ ገባሁ። አንድም ተክል ሳልነካ ከማሳው መሐል፣ ማሾው ከጉልበቴ በላይ ካደገበት፣ በሁለቱ መስመር መካከል ቆፈርኩ። የዘገንኩትን በሻሽ ሸፈንኩ። የስኳር ውሃዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር፤ አፈሩ እንዳይደርቅ ትንሽ እረጭበታለሁ ብዬ ስከፍተው፣

«ማነሽ አንቺ?»

ጋሼ አሊ ነው። ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«እኔ ነኝ ጋሼ አሊ፣ ዘሀራ ነኝ። እንዴት አደሩ?»

«ማሳዬ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ትንሽ አፈር ፈልጌ ነው።»

«አፈር? የኔን አፈር? ሳይነጋ?» በዱላው ጫፍ ሻሹን ገለጠው። «ለምን ሸፈንሽው?»

«ፀሐይ እንዳያየው።»

ከአፌ ሲወጣ ምላሴን ነከስኩ። እሱ ወደኋላ አለ። «አዑዙ ቢላህ!» ከዚያ ጠርሙሱን አየ። «ይሄስ?»

«የስኳር ውሃ ነው።»

«ለማን ነው ስኳሩ?»

«ለዘሩ» አልኩ። ግን ዘግይቼ ነው ያልኩት፤ ዝምታዬን ቀድሞ ሰምቶታል።

እናንተ ከተማ ያላችሁ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። በኛ አገር ከሰው ማሳ አፈር የሚዘግን ሰው በረከቱን ወደራሱ ሊያዞር ነው ይባላል። ከፀሐይ የሚደበቅ ነገር ደግ አይደለም። ጣፋጭ የሚረጨውም ስማቸው ለማይጠራ ለነዚያ ነው። እንግዲህ እኔ ባለሙያው ያዘዘኝን አንድ በአንድ ስፈጽም፣ ለሚያይ ሰው ሲህር፣ ድግምቱን ማለቴ ነው፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው እየሠራሁ ነበር።

ጋሼ አሊ ጮኸ። ያ ድምፁ! ወንዙ ማዶ ያለው ሁሉ ሰማ።

ፀሐይ ሳትከር ከረጢቴን ታቅፌ ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ጎረቤታችን ሀዋ ወንፊታችንን ተውሳ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት ደጃፋችን ላይ አስቀምጣው ሄደች። ሳትገባ፣ «እንዴት ናችሁ» ሳትል። እናቴ ወንፊቱን አንስታ ለረጅም ጊዜ በእጇ ያዘችው።

ሲህረኛ የተባለች ሴት በኛ ዘንድ አትገረፍም፣ አትታሰርም። ዝም ትባላለች። በሬ የሚያውሳት የለም፣ ለደቦ የሚመጣላት የለም። እህሏን ገበያ ብታወጣ እጅ የሚነካላት የለም። እናቴ ብትሞት ቃሬዛዋን የሚሸከም ሰው ልጣ? ሰባራ ሳንቲም ሳልይዝ ከሰው አገር ብመለስ ይሻለኝ ነበር አልኩ።

ከዙሁር ሰላት በኋላ ሸህ ኡመር ዋርካው ሥር አስጠሩን። ሸህ ኡመር አበጋር ናቸው። አበጋርነት ከአባት ለልጅ የሚወርድ ማስታረቅ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ነገር ሲከርበት እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው፣ ቃላቸውን የሚጥስ የለም። እሳቸው «ዘሀራ አጥፍታለች» ካሉ አለቀልኝ። ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አልን።

«አሊ፣ ተናገር» አሉ።

ጋሼ አሊ ተነሳ። «እኔ ከሰው ጠብ የለኝም። ይቺ ልጅ የሟች ወንድሜ ልጅ ማለት ናት። ግን ማሾዬ እየሞተብኝ ነው። አምና እንዲህ አልነበረም፣ ካቻምናም እንዲህ አልነበረም። እሷ በመጣች ክረምት ቢጫ ሆነብኝ። ዛሬ ደግሞ ሳይነጋ አፈሬን ስትዘግን፣ ስኳር ልትረጭ ስትል በዓይኔ በብረቱ አየኋት! ያ መሬት ከአባቴ የወረደ ነው። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ማሾ ያልበቀለበት ክንድ መሬት የለውም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

«ምን ይደረግልኝ ትላለህ?»

«ከጎኔ አትረስ። መሬቱን ለሌላ ትስጥ። ሰው ከጠፋም እኔ ራሴ የእኩል አርስላቸዋለሁ፤ እናቷ እንዳትራብ ብዬ ነው እንጂ አይጠቅመኝም።»

እዚህ ላይ ያ ጠባዬ ብድግ አለ። እንዴ! የተደገመበት ሰው ከድግምተኛዋ መሬት ይሸሻል እንጂ «ልረስላት» ይላል እንዴ? ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን ዋርካው ላይ ሰቀለ።

«አንቺስ?» አሉኝ ሸሁ።

«አፈር ወስጃለሁ፣ አልክድም። ሳልጠይቅ መውሰዴ ነውር ነው፣ አውፍ በሉኝ። የወሰድኩት ግን በረከት አይደለም። አፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ። እነሱን ፈልጌ ነው።»

ሰዉ ጉርምርም አለ። «ያ ረቢ! በገዛ አፏ አመነች!» አለች ሀዋ።

ሸሁ እጃቸውን አነሱ። «የማይታዩ?»

«አዎ።»

«የት ነው የሚኖሩት?»

«መሬት ውስጥ፣ ሥር ላይ።»

«ስኳሩስ?»

«ሥሩ ስኳር ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በፈንታው ሥራ ይሠሩለታል።»

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይ አይወዱም። ይሞታሉ።»

ወላሂ አንድ ቃል አልዋሸሁም። እያንዳንዷ እውነት ግን እንደ ድንጋይ እየተጫነችኝ ወደ ታች ታወርደኝ ነበር። ከኋላዬ አንድ ሰው ከሸይጣን ይጠብቃል የሚባለውን የቁርዓን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ መቅራት ጀመረ። እናቴን ባያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁ። «ባለሙያውን ጠይቁት! የነገረኝ እሱ ነው!» ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ አደረግኩት። ሰለሞን ወልድያ መንገድ ላይ ነበር፤ የባጃጅ ጡሩምባ ይጮሃል።

«ሰለሞን፣ አፈሩ ውስጥ ያሉት ምንድን ናቸው? ለሽማግሌዎቹ ንገርልኝ።»

«ባክቴሪያ ናቸው!» አለ ጮክ ብሎ።

ሀዋ ብድግ አለች። «ባክቴሪያ? ልጄን ሳምንት ሙሉ ያስተኛው ባክቴሪያ ነው ብለው ጤና ጣቢያ ኪኒን የሰጡኝ እኮ ነው!»

«እና በሽታ ነው የምትበትነው?» አለ ሌላው።

«አይደለም፣ አይደለም፣ ይሄኛው ጥሩ ባክቴሪያ ነው፣ ይሄኛው...» ኔትወርኩ ተቋረጠ።

«ጥሩ በሽታ!» አለ አንድ ሽማግሌ። «ጥሩ ጅብ እንደ ማለት ነው።»

ጥቂቶች ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ጧት ሲህረኛ ነበርኩ፣ ከሰዓት በሽታ በታኝ ሆንኩ።

ሸህ ኡመር ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ተቀምጠን ማሾ አይታየንም። ነገ ከሱብሂ በኋላ ማሳው ላይ። እስከዚያ ማንም በማንም ላይ ክፉ አይናገር።»

ያን ምሽት እናቴ እህል አልቀመሰችም። «ልጄ፣ ይቅርብሽ። መሬቱን ስጪውና እንረፍ» አለችኝ። «ያላጠፋሁትን?» ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነው የያዘኝ። አሊ አድብቶ እኔ የቆፈርኩበት ላይ አንድ ክታብ፣ አንድ የዶሮ ላባ ነገር ይቀብርብኝ ይሆን? ነገ አውጥቶ «ይኸው!» ቢልስ? እሱን ቀርቶ ሸሁንም አላመንኩም። እነሱ ወንድ፣ እነሱ ጎረቤት፣ እነሱ በአንድ መስጊድ የሚሰግዱ፤ እኔ ከዓረብ አገር የመጣሁ ሴት።

ሲነጋ ማሳው ዳር ሰው ሞልቷል። ጉም ከወንዙ ላይ ገና አልተነሳም። ሸሁ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ማሳውን አዩት። እኔም አየሁት፤ ማሾው ከወጣ ወዲህ ወደዚያ አልመጣሁም፣ ትናንትም በጨለማ ነበርና ልብ አላልኩትም። ከእኛ ማሳ ጋር ከሚያዋስነው ድንጋይ ጀምሮ ወደ ውስጥ አንድ ሰፊ ቤት የሚያሠራ ያህል ማሾው ቢጫ ነው፤ የቀጨጨ፣ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይወዛወዛል።

«ይኸውላችሁ!» አለ ጋሼ አሊ። «ዓይን ያለው ይይ!»

«ዘሀራ፣ የቆፈርሽበትን አሳዪን» አሉ ሸሁ።

እየመራሁ ወሰድኳቸው። ጉድጓዴ እንዳለ ነው፣ ምንም አልተቀበረበትም። ያለውም በአረንጓዴው መሐል፣ ከቢጫው ርቆ ነው። በዙሪያው ያለው ማሾ አበባውን ነስንሶ ቆሟል።

«የዘገነችበት ለምልሟል፣ ያልደረሰችበት ቀጭጯል» አሉ ሸሁ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«ድግምት ሩቅ ይሄዳል ሸህ!» አለ ጋሼ አሊ ቶሎ ብሎ።

ሸሁ ጎንበስ አሉ፤ ከአረንጓዴው አንድ እግር ማሾ በሁለት እጃቸው፣ ከነአፈሩ ቀስ ብለው ነቀሉ። አፈሩን አራገፉት። ሥሩ ላይ የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ተኮልኩለዋል።

«ቁስል ነው!» አለች ሀዋ። «አላህ ይጠብቀን፣ ነቀርሳ ነው!»

ሸሁ አንዱን እባጭ በጥፍራቸው ጨፈለቁት። ውስጡ ቀይ ነው። ጣታቸው ቀላ።

«ደም!»

ሰዉ ግር ብሎ ወደኋላ ሸሸ። የአንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሸሁም እጃቸውን ቢስሚላህ ብለው ሣር ላይ ጠረጉ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደነገጥኩ። ሰለሞን «ውስጡ ቀይ ከሆነ በደንብ እየሠሩ ነው» ብሎኝ ነበር፤ በሰማሁ ጊዜ ግን እንዲህ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል አላልኩም። ይህንኑ ተናገርኩ። ማን ይመነኝ! ሁሉም የሚያየኝ ማሳ አርጄ ደሙን ያፈሰስኩ ይመስል ነበር።

ሸሁ ግን ተራምደው ወደ ቢጫው ሄዱ። ከዚያም አንድ እግር ነቀሉ። ሥሩ ቀጭን፣ ነጭ፣ ንጹሕ ነው። አንድም እባጭ የለበትም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው አዩ።

«ይሄ እንዴት ያለ በሽታ ነው?» አሉ። «ቁስለኛው ወፍሮ፣ ጤነኛው ከስቶ?»

ሀዋ እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች። ጋሼ አሊ መሐል ገባ፤ ድምፁ ከትናንቱም በረታ።

«ወገኖቼ፣ የታመመው በየት በኩል ነው? በሷ በኩል አይደለም? ከሷ ማሳ ነው የመጣብኝ! መሬቷ ነው የረከሰው! እዩት እስኪ፣ ከሷ ድንጋይ ተነስቶ ነው ወደኔ የገባው!»

እውነቱን ነው፣ በኔ በኩል ነው። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔም ቢጫውን አየሁ። ከላይ እስከ ታች ዓይኔን ላክሁት። ቢጫውና አረንጓዴው የሚለያዩበት መስመር ጎባጣ የለው፣ ጥርስ የለው፤ በገመድ የተዘረጋ ነው። በሽታ በገመድ ይሄዳል እንዴ? ተባይ ቢሆን እዚህ ይነክሳል፣ እዚያ ይነክሳል። ድግምትስ ቢሆን ማን ለክቶ ሰጠው? ያኔ ከተመለስኩ ጀምሮ ማሳዬን በረገጥኩ ቁጥር ይጠብበኝ የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። የመሬት ደብተራችን አዋሳኙ አሊ መሆኑን ይናገራል፤ ድንጋዩ የት እንደቆመ ግን አይናገርም።

«ጋሼ አሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ካንቺ ጋር ነገር የለኝም።»

«ለሽማግሌዎቹ ይመልሱልኛ። እባጩ የሚኖረው ማሾ በኖረበት መሬት ነው። ሥሩ እባጭ ያልያዘበት መሬት ማሾን አያውቀውም፤ የዘንድሮው የመጀመሪያው ነው። ትናንት ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ማሾ ያልበቀለበት የለም ብለዋል። ታዲያ ይሄ ከድንጋዩ ወዲህ ያለው ለምንድን ነው የማያውቀው? አሥር ጊዜ ማሽላ የተዘራበት ያ የማን ማሳ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሼ አሊ ዞረ።

ሸህ ኡመር ምርኩዛቸውን ለአንድ ጎልማሳ ሰጡና ቢጫውን ተከትለው ከታች ወደ ላይ እየሄዱ ይነቅሉ ጀመር። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ አረንጓዴው ገብተው ነቀሉ፤ ሞልቷል። ተመልሰው ከቢጫው፤ ባዶ። ያ ሁሉ ሰው አብሯቸው ይነቅል ገባ። ሀዋ ሳትቀር! ትናንት ወንፊቴን ሸሽታ የመለሰችው ሀዋ ሥር እያራገፈች «ይሄም የለውም! ይሄም የለውም!» ትላለች።

ሸሁ ተመለሱ። «አሊ፣ የሰው መሬት ስንዝር የወሰደ በቂያማ ቀን ሰባት ምድር አንገቱ ላይ ይጠለቅለታል። ይሄን እኔ አልነግርህም፣ አብረን ነው የቀራነው። ና እዚህ ቢጫው ላይ ቁም። ‹ያባቴ ነው፣ ድንጋዩን አልነካሁም› ብለህ ማል። እኛ ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ እሷም ያልከውን ትሆናለች።»

ጋሼ አሊ ቢጫው ላይ ቆመ። እኔ በልቤ «እንዳይምል» እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ። ቢምል አለቀ፤ ከመሐላ በላይ ማስረጃ የለኝም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሰዉን አየ፣ እናቴን አየ፣ ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

«ሸይጣን ነው ሸህ። ሸይጣን አሳስቶኝ ነው።»

«ሸይጣን ድንጋይ አይሸከምም አሊ» አሉ ሸሁ። «የተሸከምከው አንተ ነህ፤ ተነስና ወደ ቦታው መልሰው።»

መለሰው። በሰው ፊት፣ እየተሸከመ፣ እያቃሰተ። እኔም ሳላስፈቅድ ለዘገንኩት አፈር አውፍታ ጠየቅሁ። እጅ ለእጅ አጨባበጡን፣ ዱዓ ተደረገ። ትናንት ጥላ ሥር ሸፍኜ ያኖርኩት አፈር እርጥበቱ እንዳለ ነበር፤ ፀሐይ ሳትበረታ ዘሬን ለውሼ ዘራሁ። አረንጓዴ ወጣ፣ አልሀምዱሊላህ። አበባ ሲይዝ አንዷን ነቅዬ ሥሯን አየሁ፤ ሞልቷል። እባጩን በጥፍሬ ጨፈለቅሁት፤ ቀይ ነው። ብቻዬን ማሳ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ጥርጣሬ መጥፎ ነው፣ ተዉት» ትላለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ጥርጣሬዬ ባይኖር ዛሬ መሬት የለኝም። ግን ያን ቀን ያየሁት አለ፤ የሚጮኸውን ሰው ሁሉ ያምነዋል፣ እጁ አፈር የነካውን ሁሉ ይጠረጥራል። እኔም የጠረጠርኩት የተንኮለኛውን ብቻ አልነበረም፤ ሸህ ኡመርን የመሰሉ ሰው ጠርጥሬ አድሬያለሁ። አሁን ሰው ስጠረጥር ነቅዬ አያለሁ። ከሥሩ ሳላይ አፌን አልከፍትም። ለናንተም የምለው ይኸው ነው፤ መጠርጠሩን ጠርጥሩ፣ ግን ጎንበስ ብላችሁ ሳትነቅሉ አትፍረዱ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አለፍኩ። ለመናገር ስለከበደኝ ነው።

ያን ቀን ከማሳ ስንመለስ እናቴ ከኋላዬ ትከተላለች። እኔ ደስታው አስክሮኝ እለፈልፋለሁ፤ «አየሽው ሲቀመጥ? አየሽው ድንጋዩን ሲሸከም?» እላለሁ። ኮቴዋ ጠፋብኝ። ዞር ስል መንገዱ መሐል ቆማለች።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሲያነሳው አይቼዋለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ድንጋዩን። ከበልግ በፊት፣ አንቺ ሳትመጪ። በቀን ነው ያነሳው፣ እኔ እያየሁት። እሱም አይቶኛል።»

ጋሼ አሊ ሊምል ቆሞ ለምን እሷን እንዳየ ያኔ ገባኝ። አገር ሁሉ ሲህረኛ ሲለኝ፣ ዋርካው ሥር ተሰብስበው ሲያዋርዱኝ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ታውቅ ነበር! ሰውን ሁሉ ጠርጥሬ እሷን ብቻ ነበር ያልጠረጠርኩት።

«ለምን ዝም አልሽ እማ? ለምን?»

ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ብቻዬን ነበርኩ ልጄ። ስታመም ሚስቱን ልኮ ውሃ የሚያስቀዳልኝ እሱ ነው። ብሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ» አለችኝ። «አንቺ ትመጫለሽ አላልኩም።»